ጋሼ ሳይሉኝ የቀሩት ዜሮ

የካ ተራራ ሥር የሚኖሩት አጎቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ስልክ ከመዝጋታቸው በፊት ሁልጊዜ «ዜሮ» ይሉኝ ነበር። እኔም «ዜሮ» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ እንዘጋለን።

ነገሩ የመጣው አሴምብሊ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ባስተማሩኝ ጊዜ ነው። አንዲት አጭር ጸሎት በትንሽ ቺፕ ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ፊደል በፊደል አስቀምጬ፣ ቺፑ እያነበበ በስክሪን እንዲያሳያት አዘዝኩት። መጨረሻዋ ላይ ግን ማቆሚያውን ዜሮ ረሳሁ። ጸሎቷ ስታልቅ ቺፑ ከዚያ ቀጥሎ ያገኘውን ሁሉ እያነበበ፣ ትርጉም የሌለው ምልክት ይደረድር ጀመር። እናቴ ደንግጣ አማተበች።

«ተዪው፣ ከአሜን በኋላም እየጸለየ ነው» አሏት ጋሼ እየሳቁ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ዜሮውን ካላስቀመጥሽለት ማብቃቱን በምን ይወቀው ልጄ?» አሉኝ።

ለሥራ ኪጋሊ ከመጣሁ በኋላም ዜሯችን አልቀረችም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን እያወራን መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ልደውል አልኩና፣ «ነገ ከቅዳሴ መልስ ይሻላል» ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ከቅዳሴ ስወጣ የእናቴን መልእክት አገኘሁ። ትኬት እስካገኝ ተቀበሩ።

አርባቸውም ወጣ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቀኙ ያቁምልኝ። እኔ ግን ያንን ሳልደውል የቀረሁትን ስልክ ምን ላድርገው? ንስሐ አባቴ «በቃ ልጄ፣ ይኼንን እኮ ተናዝዘሽዋል» ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ፤ በሳምንቱ ደውዬ እንደገና እናዘዘዋለሁ።