አራት አገዳ በቆሎ

አራሚው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የሚለቅመው ስህተት ቢያጣ ወደ ጓሮው ዞረ። ጓሮው ሰፊ አይደለም፤ ከኩሽናው በር ደረት እስከሚደርሰው የእንጨት አጥር ድረስ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሙሉ መደቡን በቆሎ ታለብሰው ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ግን ነገሩን አሰበበትና «ለአንድ ሆድ አራት አገዳ ይበቃል» ብሎ ወሰነ። ልጅ የላቸውም። በተረፈው መሬት ላይ ኮምፍሪ ተከለበት።

ኮምፍሪን ለማያውቅ ሰው፣ ቅጠሉ እንደ አህያ ጆሮ የረዘመ፣ ሲነኩት የሚሻክር፣ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ተክል ነው። አንዴ ከተከሉት በቃ፣ የዕድሜ ልክ ነው። ቢያጭዱት በወሩ ያቆጠቁጣል፤ ቢነቅሉትም አፈር ውስጥ የቀረች የጣት ጫፍ የምታህል ሥር ተነስታ «አለሁ» ትላለች። አራሚው ይህን ጠባዩን ወደደለት። ከድሮ ባልደረቦቹ አንዱን መንገድ ላይ ካገኘ፣ ያልጠየቀውን ሁሉ ይተርክለት ነበር።

«በቆሎ ማለት የሰው እጅ የለመደች ሙሽራ ናት» ይላል። «በየዓመቱ ዝሩኝ፣ ኮትኩቱኝ፣ አጠጡኝ ትልና፣ አንዴ አፍርታ ትደርቃለች። ኮምፍሪ ግን የማንንም ደጅ አይጠናም!»

ስለ ማን እንደሚያወራ ባልደረባው ይገባዋል፤ ግን አይከራከረውም፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ይሰናበተዋል።

አራቱን አገዳ እንኳ የሚዘራው ለሚስቱ ማስታወሻ ብሎ ነው። እሸቱ ሲደርስ ይጠብስና እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሞ ይበላዋል። ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ መብላት አልሆንልህ ብሎት ቀርቷል። እሸቱ ግን እሸት ነበር! ፍሬው ግጥም ያለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ክፍተት የሌለው። አራሚው ምስጋናውን ሁሉ ለኮምፍሪ ሰጠ፤ ቅጠሉን እየከተፈ ከበቆሎው ሥር ይቀብራልና።

ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ ትኖራለች፤ የእሱ እኩያ፣ አንድ ልጇን አሳድጋ የዳረች፣ አፏ ከመቀሷ የማይተናነስ ሴት። ሚስቱን በቀበረ ዓመት ሳይሞላው አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፦

«እስቲ ከዚህ ቅጠል አንድ ሥር ስጠኝ፤ ለዶሮዎቼ ይሆናል አሉ» አለችው።

«ይቅርብሽ። አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ኋላ እኔን ትረግሚኛለሽ።»

«ሥር ነው እኮ የጠየቅኩህ! ልጅህን ዳርልኝ መች አልኩህ?»

ለቀልድ ነበር። እሱ ግን በዚያ ሰሞን ለቀልድ የሚሆን ቦታ አልነበረውም፤ ልጅ የሚለው ቃል ሄዶ ቁስሉ ላይ አረፈ። ፊቱን አዙሮ ገባ። በማግስቱ «እንዴት አደርክ?» አለችው፤ አልመለሰም። በሦስተኛውም ቀን ጠየቀችው፤ ዝም አላት። በአራተኛው እሷም ተወችው። እንዲህ እንደ ዋዛ ሰባት ዓመት አለፈ።

ሰባት ዓመት ያልተነጋገሩትን ሰው ግን በደንብ ያውቁታል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ አጥሩን አልፎ ይሰማዋል፤ ቀሚስ እየዘመዘመች ይሁን ዚፕ እየቀየረች ከድምፁ ይለያል። ስትስል ጉንፋኗ ስንት ቀን እንደሆነው ይቆጥራል። በቆሎ አዘራሯንም በሆዱ ይተቻል፤ ፀሐይ ያለበትን ሰፊ ቦታ ለጎመን ትታ፣ አጥሩ ጥግ ጥላው ላይ ሦስት መስመር አጠጋግታ ትዘራለች። «ዕድሜ ልክ ስፌት ላይ ያለ ሰው ስለ መሬት ምን ያውቃል» ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ልጇ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። አልጋው ወጣ፣ ቁም ሣጥኑ ወጣ፣ ዶሮዎቹ በሣጥን ሆነው እየጮኹ ወጡ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ወደ ጓሮ ተመለሰችና አጥሩን ይዛ የእሱን በር ተመለከተች። እሱ ከበሩ ኋላ ነበር፤ እጁ መዝጊያው እጀታ ላይ። «አሁን ወጥቼ ምን እላለሁ?» ሲል፣ እሷ ዞራ ሄደች፤ መኪናው ተነሳ።

ያን ዓመት ቤቱ ውስጥ ዝምታው ከበደ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ እንደሚናፍቀው አላወቀም ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አረም ወረሰው። የእሱ አራት አገዳዎች ግን እንደ ወትሮው ለምልመው አደጉ፤ ኮምፍሪውም እንደ ወትሮው ተቀበረላቸው። እሸቱ ሲደርስ የመጀመሪያውን ላጠው፦ እዚህ ሁለት ፍሬ፣ እዚያ አንድ፣ መካከሉ ባዶ ቆረቆንዳ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውና አራተኛውም ያው፣ ግማሹ ፊደል የተገደፈ ገጽ። አራሚው ደሙ ፈላ። አንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ዘር መሸጫው ገሰገሰ።

«የሸጥሽልኝ ዘር መናኛ ነው!» አላት ሻጯን፣ እሸቱን ባንኮኒው ላይ እየዘረጋ።

ሻጯ ወጣት ናት፤ አገላብጣ አየችው። «ስንት አገዳ ነው የዘሩት አባባ?»

«አራት። ባንድ መስመር።»

«ውይ አባባ! በቆሎ እኮ ብቻውን አይሆንለትም። አናቱ ላይ ካለው አበባ ብናኝ እየረገፈ እሸቱ ፀጉር ላይ ማረፍ አለበት። እያንዳንዷ ፀጉር አንዲት ፍሬ ናት፤ ብናኝ ያላገኘችዋ ባዶ ትቀራለች። አራት ብቻ ሲሆን ንፋስ ወስዶት ይቀራል። ሃያ ያህል አጠጋግተው ቢዘሩ እርስ በርሱ ይሞላላል።»

«ሰባት ዓመት የዘራሁት አራት ነው። ሰባቱንም ዓመት ሙሉ ነበር።»

«እንግዲያው ጎረቤትዎ ይዘሩ ነበራ» አለችና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች።

አራሚው ከሱቁ ወጥቶ የአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠ። ሁለት አውቶቡስ አለፈው። አፈረ። ሰባት ዓመት የማንንም ደጅ አልጠናም እያለ የበላው ሁሉ ከዚያች ሴት ደጅ በንፋስ የመጣ ነበር። አሁን የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዳቸው ሳይሞቱ ሄዶ ይህን ለእሷ መንገር።

በበሯ ላይ ልጇ የሰቀለው የሽያጭ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ አራሚው ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተቱን አልፎ ስልክ ቁጥሩን አነበበ። ለልጇ ደውሎ አድራሻውን ጠየቀ። ከዚያ ዶማ አንስቶ ከኮምፍሪው አንድ ሥር ቆፈረ፤ በወተት ጣሳ አፈር ሞልቶ ተከለው።

የልጇ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የልጇ ሚስት በር ከፍታ ወደ በረንዳው አመለከተችው። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ የስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍኗል።

«ማን ሞተ?» አለች ስታየው።

«ማንም አልሞተም። ሥሩን አመጣሁልሽ።»

«ከሰባት ዓመት በኋላ?»

«ከስምንት» አለ፤ ማረም ልማዱ ነው። ጣሳውን እግሯ ሥር አስቀመጠና ያን እሸት የጠቀለለበትን ጋዜጣ ፈታ። ልብስ ሰፊዋ እሸቱን ተቀብላ በባዶው ቦታ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ ሳቋ አመለጣት።

«ጥርሱን ምን ነካብህ?»

«የኔ በቆሎ ሲሞላ የኖረው ባንቺ ነው። አላወቅኩም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች።

አራሚው ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እናቴ በቆሎ አብቃይ ነበረች። አራት ስትዘራ ባይህ ‹ይሄ ሰው ቆረቆንዳ ሊበላ ነው› አልኩና መደቤን ወደ አጥሩ አዛወርኩት። ጥላ ነው፤ የኔ ግማሹ ይቀጭጭ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰላምታዬን የማይመልስ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?» እሸቱን መልሳ በጋዜጣው ጠቀለለችው፣ ቀስ ብላ፣ ጨርቅ እንደምታጥፍ። «ደግሞ ብነግርህ ሃያ ትዘራና ራስህን ትችል ነበር። ያኔ በምን በኩል ጎረቤትህ እሆናለሁ?»

ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ የልጅ ልጆቿ ይስቃሉ፣ ማንም ወደ በረንዳው አይመለከትም። የስፌት መኪናው ለምን እንደተሸፈነ ጠየቃት። ድምፁ ሕፃኑን ይቀሰቅሳል ብለዋት ነው። አራሚው መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ረጅም የይቅርታ ንግግር ነበረው፤ ተወው። ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ ዘንበል ብላለች።

«ደህና አደርኩ» አላት። «አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ሰዓቱን አላረመችውም። ቀና ብላ አየችው።

«ብቻዬን» አለች።

አራሚው ወደ ውስጥ ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር አወጣና አጠገቧ ተቀመጠ።