ከዚሩ ሥር ያለው ገጽ

በረሃቡ ዓመት ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ያየኋትን ተማሪ ስሟን አልጠየቅኋትም። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ለብሳ፣ እጇ ላይ የሚላላ የወንድ ሰዓት አስራ፣ የተሰደዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ጎረቤት አገሮች ጉዳይ የሚያዘጋጁትን መጽሔት ታይፕ ትመታለች። ስቴንስሉ ገጹ የሚባዛበት በሰም የተቀባ ወረቀት ነው፤ ሙቀቱ ሰሙን እንዳያቀልጠው፣ የተመታውን ገጽ ዚር ከሚሉት ቀዝቃዛ የሸክላ ውሃ ጋን ሥር ታስቀምጠዋለች። ከቀለጠ እትሙ ቀረ፤ ትርፍ ስቴንስል የለም።

አንድ ቀን፣ በማግስቱ ድንበሩን ተሻግረው ወደ መተማ የሚመለሱ ሽማግሌ ውሃ ሊጠጡ መጡ። በእሳቸው እጅ አንድ ቅጂ ለመላክ ቸኩላለች።

«ወረቀትም ይጠማዋል እንዴ፣ ልጄ?»

«ከእኛ ይብሳል፣ አባባ። እንዳይረጭበት ቀስ ብለው ይቅዱ።»

«ምን ይላል?»

«ድንበሩ መቼ ሰላም እንደሚሆን።»

«መቼ ነው?»

«እሱን ገና እየጻፍነው ነው» ብላ ሣቀች።

ማምሻውን እትሙ ደህና ወጣ። የማንም ስም አልተጻፈበትም። የመጀመሪያውን ቅጂ አጥፋ ሰጠቻቸው።

«መተማ ላለችው እናቴ ይስጡልኝ። ማንበብ አትችልም፤ ብቻ ልጅሽ የሠራችው ነው ይበሏት።»