ወተት ወይስ ፊልትሮ

ልጆቹ ንገሪን ስላሉኝ ነው የምናገረው። በቴሌቪዥን አንድ ከረባት ያሰረ ሰው፣ የሚገጣጠም ዕቃ ያጣ የመኪና ፋብሪካ ወጪ እየቀነሰ እንዴት እንደሚተርፍ ሲያስረዳ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ። «እማማ፣ አንቺ እኮ መኪና ፋብሪካ ሠርተሻል፣ እስቲ ንገሪን» አሉኝ።

ሠርቻለሁ፤ መኪና ግን ነክቼ አላውቅም። የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሻይ አፈላ ነበር። ሰውየው «ወጪ ቅነሳ» ባለ ቁጥር አፌን መረረኝ፤ ለምን እንደመረረኝ ልንገራችሁ።

ፋብሪካው ከአስኮ አለፍ ብሎ ነው። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በታክሲ እንሄዳለን፤ ያን ጊዜ ጉልበቴም ደህና ነበር፣ ወንበር ሲጠፋ ትርፍ ሆኜ አጎንብሼ እደርሳለሁ። መኪኖቹ ከውጭ ተበታትነው በሳጥን ይመጣሉ፣ እዚያ ይገጣጠማሉ፣ ከዚያ ቀለም ክፍል ገብተው ቀለም ይረጭባቸዋል። ቀለም የሚረጩት ሰዎች ጭምብል አላቸው፤ በጭምብሉ ጉንጭ ላይ ያለው ክብ ፊልትሮ ሲጠቁር ይለወጣል። በየቀኑም አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጣቸዋል። ወተት የቀለሙን መርዝ ከደረት ያጥባል ይባላል፤ ይህን ጋራዥ ሁሉ ያውቀዋል። ወተቱን የምቀዳላቸው እኔ ነበርኩ።

ከቀለም ክፍል ሠራተኞቹ አንዱ የኮልፌ ጎረቤቴ ነበር። ጎጃሜ ነው፣ ቀጭን፣ ተረበኛ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሣና፣ ወተቱ የቀጠነ ሲመስለው፣ ላሚቱን ዛሬ ዝናብ መታት እንዴ ይለኛል። አብሮት ሥራ የጀመረ ጓደኛው በደረት በሽታ ሞቶበታል። እሱንም ትንሽ ትንሽ ያስለው ነበርና ፍርሃቱ ሁሉ ደረቱ ነው። ወተቱን እንደ ጠበል ነበር የሚጠጣው፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

ኋላ ዶላር ጠፋ ተባለ። ሳጥኖቹ መምጣት አቆሙ፤ በር የሌላቸው መኪኖች ግቢው ውስጥ ዝናብ ይወርድባቸው ጀመር። አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። እኔ ሲቸግር መቀነስን አልጠላም። በቤቴም ስንት ክፉ ቀን አሳልፌያለሁ። ግን በእኔ ቤት መጀመሪያ ከራሱ የሚቀንሰው ትልቁ ሰው ነበር። ይሄኛው የቢሮውን ምንጣፍ አስለወጠና ከእኛ ሻይ ስኳር ቀነሰ። የመታጠቢያውን ሳሙና አስቀረ፤ ሰዉ ቀለም የነካ እጁን በአሸዋ መፈተግ ጀመረ። ቀጥሎ የጾም ቀናት የተጻፉበት የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ አሰቀለና በጾም ቀን ወተት የለም አለ።

የእኛ ጾም ደግሞ ስንት ነው። ቀድሞ አንዳንዶቹ፣ መድኃኒት ነው ብለው የነፍስ አባታቸው ፈቅደውላቸው ይጠጡ ነበር፤ ሌላው በጠርሙስ ለልጆቹ ይወስዳል። ያ ሁሉ ቀረ። ጴንጤ የሆነች አንዲት ቀለም ቀቢ፣ እኔ ያልጾምኩትን እሱ ጾመልኝ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ጎረቤቴም ሰውየው ከቄሱ በላይ ጾመኛ ሆነ፣ ያውም በእኛ ሆድ አለ። ሳቅን። ያንን ሳቃችንን አሁን ሳስበው ያስጠላኛል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ የቀለም ክፍል ሠራተኞቹን ክበቡ ውስጥ ሰበሰባቸው። ፈገግ ብሎ፣ ፋብሪካው እንዲተርፍ ሁላችንም አንድ ነገር እንተው አለ። ወተትና ፊልትሮ አብረው አይቻሉም፤ አንዱን እናንተው ምረጡ፣ እኔ አላስገድድም አለ። ጎረቤቴ እኔ ብርጭቆ የማጥብበት ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ ምን ይሉኛል?»

«ወተቱ እንዳይቀርብህ» አልኩት። «አፍህን በጨርቅም ቢሆን ታስረዋለህ። ደረትህን ግን በምን ታጥበዋለህ?»

ተመልሶ ይህንኑ ለጓደኞቹ ነገራቸው። እጅ አወጡ፤ ወተት አሉ፣ አንድም ሳይቀር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አስቀድሞ አዘጋጅቶት ኖሯል፣ ክፍት የተተወው ቦታ ላይ «ወተት» ብሎ ሞላና አስፈረማቸው። ምስክር ነሽ ብሎ እኔንም አስፈረመኝ። «ይኸው፣ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቴ የሚስቱን አሮጌ ሻሽ አፉ ላይ አስሮ ይረጭ ጀመር። መታጠቢያው ላይ የሚተፋው አክታ የዕለቱን መኪና ቀለም ይመስላል፤ ሰማያዊ ሲረጭ ሰማያዊ፣ ቀይ ሲረጭ ቀይ። መታጠቢያውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው የምጸየፈው የእሱን አክታ አይደለም፣ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ነው። ለራሴ ሻይ የሚደርሰኝን ወተት እየጨመርኩለት፣ ጠጣ፣ ያጥብልሃል እለዋለሁ። ይጠጣል።

ሳሉ ባሰበት። ከታክሲ ወርደን ወደ ሰፈራችን ያለችውን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳያርፍ መውጣት አቃተው። ተረቡም ቀረ። ፋብሪካው ያሳክመኝ ብሎ ሲያመለክት ያንን ወረቀት አውጥተው አሳዩት። ፊርማው አለበት፤ የእኔም አለበት። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ፋብሪካው ተረፈ። ሳጥኖቹ እንደገና መጡ፣ ሥራ አስኪያጁም በችግር ጊዜ ላሳየው ጥበብ ተብሎ ተጨበጨበለት። እዚያው ክበብ ውስጥ፣ ብርጭቆ ከማጥብበት ፊት ለፊት። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ግን ብርጭቆዬን ማጠቤን አልተውኩም፣ ይህንንም ልንገራችሁ።

ዓመታት አለፉ። ጉንፋን ይዞኝ ለሳል ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንዲት ነርስ የት ስሠራ እንደኖርኩ ጠየቀችኝ። ቀለም ክፍል ለሚሠሩ ሰዎች ደረታቸውን እንዲያጥብላቸው ወተት እቀዳ ነበር አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«እማማ፣ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ሳንባ ጋ አይደርስም። የቀለሙን መርዝ የሚያስቀረው ፊልትሮው ብቻ ነው።»