ለግሪክ ኔ አትበሉ

በቡልጋሪያዋ የድንበር ከተማ በፔትሪች፣ በሸሚዝ ፋብሪካው ሥራ የጀመረች ልጅ ሁሉ መቀመጫዋን ሳታሞቅ ከቬሊካ አንድ ምክር ትሰማ ነበር፦ «ለግሪክ ኔ አትበሉ!» በቡልጋሪያኛ ኔ ማለት አይሆንም ነው። ድንበሩን ተሻግሮ በግሪክኛ ደግሞ ያው ኔ አዎ ነው። የፋብሪካው ባለቤቶች ግሪኮች ናቸውና በዚህች ቃል ያልተሸወደ የለም። አንዷ ቅዳሜ ትገቢያለሽ ወይ ስትባል ኔ ብላ ቅዳሜዋን ስትሰፋ ዋለች። ሌላዋ አሞሻል ወይ ስትባል ኔ ብላ፣ ጤነኛዋ ሴት በግድ ወደ ቤቷ ተሸኘች። ስለዚህ ቬሊካ «እምቢ ስትሉ ኦሂ በሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚገባቸው» እያለች ስንቷን አስተምራለች።

ቬሊካ ፋብሪካው የመንግሥት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ አንገትጌ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ሜቶዲ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የሚሞቀው በእንጨት ምድጃና በዚህ ሥራ ነው። ጡረታዋ ገና ነው፤ በፔትሪች ደግሞ በዚህ ዕድሜ ሌላ ቦታ ሄዶ ቅጠሩኝ ማለት ራስን ማሳቀቅ ነው። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። አውቆ የረሳ ግን ነበር።

ሽማግሌው ባለቤት ታናሲስ ጉልበቱ ሲደክም ፋብሪካውን ለልጁ ለስቴርዮስ አስረከበ። ልጁ ሲመጣ ወሬው ሁሉ ወጣቶች ብቻ ስለሚሰፉበት «ወጣት መስመር» ሆነ። ከዚያ ከአምሳ አምስት በላይ የሆኑት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ቢሮ መጠራት ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠራችው የቬሊካ የልብ ጓደኛ ሚትራ ነበረች። ሽርጧን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች። «በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች» ተባለ። በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ እንዲያ የሚንሰቀሰቅ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ተረኛዋ ቬሊካ ሆነች። ደረጃውን ስትወጣ በልቧ ኦሂ፣ ኦሂ፣ ኦሂ እያለች ነበር። ቢሮው ውስጥ ስቴርዮስ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ዳሪና ቆማለች። ዳሪና የፔትሪች ልጅ ናት። ስፌት የጀመረችውም እዚያው ከቬሊካ ጎን ቁጭ ብላ ነው።

ስቴርዮስ በተሰባበረ ቡልጋሪያኛው ፈገግ እያለ ጀመረ። «አንተ ጥሩ ሴት። ብዙ ሥራ። አሁን ወጣት መስመር። ወጣት እጅ ፈጣን፣ ወጣት ዓይን ጥሩ። አንተ ቤት፣ እረፍት፣ ቲማቲም። በስምምነት እንለያይ። እሺ?»

ቲማቲም ያላት ነገር አናደዳት። የሰላሳ ምናምን ዓመት ሥራዋን በአንድ ቲማቲም ሲያሰናብታት ደሟ ወደ ራሷ ወጣ፤ ስትሸመድደው የመጣችው ግሪክኛ ከአእምሮዋ ብን አለ። «ኔ!» ብላ ጮኸች። «ኔ! ኔ!»

የስቴርዮስ ፊት በራ። ብድግ ብሎ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠና «ብራቮ! ብራቮ!» አላት። ዳሪና መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር።

ቬሊካ እየተንደረደረች ወረደች። «እምቢ አልኩት!» አለች ለሴቶቹ፣ ጉንጯ ቀልቶ። «ፊት ለፊት! ደግሞ ስድ አይደለም፣ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።»

የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከኋላ አንዷ ቀስ ብላ፣ «እትዬ ቬሊካ፣ በምን ቋንቋ ነው እምቢ ያሉት?» አለች።

የሳቀ አልነበረም። ቬሊካ ወንበሯን ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፣ ቃሏ አፋፉን አልፎ ሲወርድ ታያት። ተመልሳ ደረጃውን ወጣች። ዳሪናን ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«አንቺ ልጅ፣ የፔትሪች ልጅ አይደለሽም? ኔ ምን እንደሆነ አታውቂም?»

«እኔ የምጽፈው አለቃዬ የሰማውን ነው፣ እትዬ።»

«የሰማውን ተይው። አንቺ ምን ሰማሽ?»

«ተስማምተዋል ብሏል። ነገ ወረቀቱን ይፈርማሉ። እኔም ልጆች አሉኝ፣ እባክዎ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዳሪና አንገቷን ደፍታ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ከሥራ ስትወጣ ቬሊካ ወደ ሚትራ ቤት ሄደች። ሚትራ በርበሬ እየጠበሰች ነበር፤ ታሪኩን ስትሰማ ማንኪያዋን ጣለች።

«እኔ ጎበዟ ኦሂ ብዬ በደንብ ተናገርኩ» አለች። «ከዚያ ሲያባብለኝ ሲያባብለኝ ፈረምኩለት። አንቺ ደንቆሮዋ ደግሞ አዎ ብለሽው፣ አልፈረምሽም! ፈርመሻል እንዴ?»

«አልፈረምኩም።»

«በይ ነገ እጅሽን ቁረጪው እንጂ እንዳትፈርሚ!»

በፋብሪካው መመገቢያ በር ላይ የሥራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስልክ ተለጥፎ ነበር። ሕግ እንዲህ ነው፤ ግድግዳ ላይ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ይኖራል እንጂ ሰው ካልጠራው ከቦታው አይነቃነቅም። ቬሊካ በማግስቱ ገና ሥራ ሳይጀመር ደወለች። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ደረቅ ነው።

«ፈርመዋል?»

«አልፈረምኩም። በአፌ ግን… ኔ ብያለሁ። በግሪክኛ አዎ ሆነብኝ።»

ሴትዮዋ ሳቋን የዋጠች መሰለች። «በስምምነት መለያየት የሚባለው በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። አፍ አይቆጠርም። አሁን ይንገሩኝ፣ ለምን ይውጡ አሉዎት?»

«ወጣት እጅ፣ ወጣት ዓይን ይሻላል አለኝ።»

«ሰውን በዕድሜው ማባረር ክልክል ነው። እንዲህ ማለቱን የሚያሳይ ነገር ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ አይደለም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው። ሲናገር ማን ሰማ?»

ቬሊካ ስልኩን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። «አንዲት ልጅ» አለች። «የእሱ ሠራተኛ ናት።»

ያን ቀን ወረቀቱ ሲቀርብላት አልፈርምም አለች፤ እንዳይሳሳትባት ኦሂ ብላ ጨመረችለት። ስቴርዮስ ቡልጋሪያኛው ጠፋበትና በግሪክኛ ጠረጴዛ ደበደበ። አርብ የስንብት ደብዳቤ ትወስጃለሽ፣ ምክንያቱም ሥራ አትችልም የሚል ነው አላት በዳሪና በኩል። ሲመሽ ወንበሯ ተነሥቶ መኪናዋ ላይ አንዲት ለጋ ልጅ ተቀምጣ ነበር። ቬሊካን ክር እንድትቆርጥ ከመጸዳጃው አጠገብ አቆሟት። ሴቶቹ በአጠገቧ ሲያልፉ አንገታቸውን ያዞራሉ፤ ፍርሃት ነው፣ ክፋት አይደለም። እሷ ግን በየማለዳው የመግቢያ ካርዷን እየመታች ገባች፤ ቆማ ትቆርጣለች፣ እግሯ ያብጣል፣ ትቆርጣለች። ለጋዋ ልጅ አንገትጌው ሲጣመምባት ሰርቃ ወደ እሷ ታያለች። ቬሊካም በጣቷ እንዲህ አድርጊው ትላታለች። በልጅቷ ምን ትቆጣለች?

አንድ ጊዜ ዳሪና ስታልፍ ቬሊካ ያዘቻት። «አንቺም ዕድሜዬ ላይ ትደርሻለሽ፣ ልጄ» አለቻት በሹክሹክታ። «ዛሬ በእኔ ነው።» ዳሪና ክንዷን አስለቅቃ ሄደች።

አርብ ጠዋት ከደብዳቤው በፊት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ደረቁ ድምፅ የእሷ ነበር፤ አጭር ሴት ናት፣ ዝናብ ያበሰበሰው ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። አራቱ በዚያው ቢሮ ተቀመጡ። ስቴርዮስ አሁን ሰው አክባሪ ሆኗል። ዕድሜ የሚባል ነገር ፈጽሞ አልተነሣም፣ ሴትዮዋ ሥራ ስላቃታት ነው፣ ደግሞም ራሷ ተስማምታ ነበር አለ። ዳሪና ከስር ከስር ተረጎመችለት። ቬሊካ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ነበር። ዳሪና ካደች ማለት፣ የቬሊካ ቃል በባለቤቱ ቃል ላይ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ተቆጣጣሪዋ ወደ ዳሪና ዞረች። «በዚያ ቀን እዚህ ነበሩ። እሳቸው ወጣት እጅ፣ ወጣት ዓይን ሲሉ ሰምተዋል? ቃልዎ መድልዎን ለሚያየው ኮሚሽን ይሄዳል። እውነት በመናገርዎ እርስዎን መቅጣትም በሕግ ክልክል ነው።»

ዳሪና ከንፈሯ ነጣ። ስቴርዮስ ቡልጋሪያኛው ፈጥኖበት አልያዘውም፤ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። ከታች የመኪናዎቹ ድምፅ ይሰማል። ዳሪና ቬሊካን አየቻት፤ ዓይኗ ወዳበጠው የቬሊካ እግር ወረደ። 

«ዳ» አለች ዳሪና። በእኛ በቡልጋሪያኛ አዎ ማለት ነው። «ሰምቻለሁ። ሁሉንም። እትዬ ቬሊካም እምቢ ነበር ያሉት፤ ያኔም ገብቶኝ ነበር።»

ስቴርዮስ ክንዷን ነካ አድርጎ በግሪክኛ፣ «ሰማሁ አልሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

ዳሪና ወደ እሱ ዞረች። እንዳይሳሳት ብላ፣ ቀስ አድርጋ፣ በራሱ ቋንቋ መለሰችለት።

«ኔ።»