ቆዳ ያለበስነው ጥጃ

ሰሞኑን ምራቴ ሺራ የልጄን ሸሚዝ ከሚታጠበው ልብስ መሃል አውጥታ ትንሹን ኖዓምን ጠቀለለችበት። ልጄ ኤልያስ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ተጠርቶ ከሄደ ወዲህ ሕፃኑ "አባ! አባ!" እያለ በር በሩን ሲያይ ያመሻል። እንቅልፍ እምቢ ብሎናል። ሸሚዙን ሲያገኝ አፍንጫውን ቀበረበት፤ ዝም አለ፤ ተኛ።

"አየሽ ኢማ? ሶፍ ሶፍ፣ በስንት መከራ ተኛልን" ብላ ሺራ ሳቀች፤ ኢማ የምትለኝ በዕብራይስጥ እናቴ ለማለት ነው።

እኔ አልሳቅኩም። የሽንኩርት ቢላውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በእጄ አድርጌዋለሁ።

ያኔ ጎንደር ገጠር ነበርን። የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ መንገዱ ሁሉ ያንሸራትታል። ላማችን ቦራ በወለደች በጥቂት ጊዜ ከወንዙ አፋፍ ተንሸራትታ ገደል ገባች። የተረፈው እምቦሳዋ ነው። አባቴ "ካዳንሽው ያንቺ ነው" አለኝ። ከዚያ በፊት የእኔ የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ከጎረቤት ወተት እየለመንኩ ጣቴን ነክሬ አጠባው ነበር። ምላሱ ይሻክራል። ጣቴን ይዞ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ግን አልሆነም፤ ተቅማጥ ያዘው፤ ጎድኑ ወጣ። የጥጃ ጆሮ ከቀዘቀዘ አይተርፍም ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምነካው ጆሮውን ነው። አንድ ቀን ቀዝቅዞ አገኘሁት።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ላም ጥጃዋ ሞተባት። ሣር አትበላ፣ አትታለብ። ወደ ወንዙ መውረጃ ዞራ ትጮሃለች። ድምጿ ቤታችን ድረስ እየመጣ ጉሮሯችን ላይ እህል ያስቆም ነበር። አባቴ ሄዶ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፎ ይዞ መጣ። እትዬ ብርቄም ከኋላው።

"አንተ ሰውዬ፣ ላሜን ልታሞኛት ነው?"

"አንቺ ወተትሽን ታገኛለሽ፣ የልጄ ጥጃ ይጠባል። ማን ተጎዳ?"

"ከነቃችብህ ትረግጥሃለች!"

"ከረገጠችኝ ያንቺን ጠላ ጠጥቼ እድናለሁ።"

ቆዳው ላይ ጨው ነስንሶ በእምቦሳዬ ጀርባ በጠፍር አሰረው። አንገቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቆዳው ገና እርጥብ ስለሆነ ከብዶት እግሩ ይንቀጠቀጣል። ቀስ አድርጌ አስጠጋሁት። ላሚቱ አሸተተችው። ራሷን መለስ አድርጋ እንደገና አሸተተችው። ከዚያ መላስ ጀመረች፤ ከሆዷ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ፤ ግቷ ሞላ። እምቦሳዬ ጭንቅላቱን አስገብቶ ጠባ፤ በአፉ ዳር ነጭ አረፋ ወረደ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ዘጋሽ? እልል በይ እንጂ!" አለችኝ እትዬ ብርቄ።

እልል አልኩ። ሲመሽ ጆሮው ሞቀ። እምቦሳዬ ዳነ፤ ኋላም በሬ ሆኖ አርሷል።

ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ላሚቱ አልጮኸችም። ወደ ወንዙ መንገድ መዞሯንም ተወች። መንደሩ እፎይ አለ። እኔ ግን እራት ስበላ ያንን ጩኸት እጠብቅ ነበር።

"አባዬ፣ ልጇን ረሳችው?" አልኩት።

"አልረሳችውም። አገኘሁት ብላለች።"

ቆዳው ደርቆ መሽተት ሲጀምር ቆርጦ ጣለው። ላሚቱ ዞራ እንኳ አላየችውም።

ይኸውና ዛሬ አጋሚም የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነኝ። ከባቡር ጣቢያው ቦርሳቸውን ያዘሉ ወታደር ልጆች ሲመጡ በመስኮት አያለሁ፤ የእኔ የለበትም። የኤልያስ ስልክ ዝግ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ፍርሃቱ ሌሊት ከአልጋ ያስነሳኝ ነበር። አሁን እሱም የለም። እጄ ያበስላል፣ ያጥባል፤ እኔ የለሁበትም።

ትናንት ሺራ ሥራ ላይ ሳለች ኖዓም ሸሚዙን አቅፎ ከእንቅልፉ ነቃ። በሩን አላየም።

"አባስ? አባ የት ነው?" አልኩት።

ሸሚዙን አሳየኝ።

ከእጁ ወስጄ አጠብኩት፤ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። ሰገነት ላይ አሰጣሁት። ሺራ ስትገባ ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞልቶታል።

"ላማ፣ ኢማ? ለምን አጠብሽው? ሽታው ሄደ እኮ!"

"ባለቤቱ ሲመጣ ንጹሕ ይልበሰው ብዬ ነው።"

የቀረውን አልነገርኳትም። ያኔ ያለበስነው ቆዳ የሞተ ጥጃ ቆዳ ነበር፤ የልጄ ሸሚዝ ግን ባለቤት አለው። ኖዓምን አዝዬ በሩ ጋ ቆምኩ። "አባ! አባ!" እያለ ጀርባዬን ይደበድበኛል። ዝም በል አላልኩትም። እኔ መጣራት አቅቶኛል፤ እሱ ይጣራልኝ።