ሃያ ሦስት ልጆች መንገድ ዳር

ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆኜ የተቀጠርኩ ቀን አሰልጣኜ ሚስስ ካርተር መሪ አላስነካችኝም። ጎማውን፣ መብራቱን፣ የኋላውን የአደጋ በር፣ እሳት ማጥፊያውን አንድ በአንድ ስታስፈትሸኝ ዋለች።

በአራተኛው ዓመቴ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሃያ አራት ልጆች ጭኜ ወደ አስፐን ሂል ሰፈር ስሄድ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ። ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። ዳር ይዤ አቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ ዲስፓቸሩን፣ የስምሪት ሠራተኛውን፣ በሬዲዮ ጠራሁት።

"ልጆቹን አውርጂ፤ እሳት አደጋ እየመጣ ነው" አለኝ።

የፊተኛውን በር ጭስ ስለሞላው በኋላው አወረድኳቸው። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ከታች ተቀበሉልኝ። ሣሩ ላይ አሰልፌ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ሃያ ሦስት፤ ትንሿ ሳሮን የለችም።

የአሥር ዓመቷን ሜሮንን "እህትሽ ሳሮን የታለች?" አልኳት።

"የወረደች መስሎኝ ነበር" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ሻሼን አፌ ላይ ይዤ ተመልሼ ገባሁ። ምንም አይታይም። ወንበሮቹን በእጄ እየዳበስኩ ስሟን ጠራሁ። መሀል ላይ ካለ ወንበር ሥር እግር ያዝኩ። የወለቀ ጫማዋን ስትፈልግ ጭሱ ደርሶባት እዚያው ተኮራምታ ቀርታለች።

"አንቲ፣ ጫማዬ" አለችኝ፤ ልጆቹ አክስት ለማለት እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። ጎትቼ አወጣኋት።

ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ጭሱ አይደለም፤ ሳሮንን ታቅፌ ስወርድ ያየሁት ነው። ሰልፉ ፈርሷል። አንዲት ሕፃን ነፋስ የወሰደባትን ወረቀት ልታነሳ አስፋልቱ ጫፍ ደርሳለች፤ መኪኖቹ ይከንፋሉ። ሜሮን የሕፃኗን ቦርሳ ማንገቻ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ ዓይኗን ከአውቶቡሱ ሳትነቅል ታለቅሳለች። መኪናቸውን ያቆሙ ሁለት ሰዎች ከወዲያ ማዶ ያያሉ።

እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ የአውቶቡሱ ፊት ይነድ ነበር። የተጎዳ ልጅ አልነበረም። ተጠርታ የመጣችው የሳሮን እናት ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ ቀና አደረግኳትና ስለ ሜሮን ነገርኳት። ሁለቱንም ልጆቿን አቀፈቻቸው።

በማግስቱ፣ ያኔ አለቃችን የነበረችው ሚስስ ካርተር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠችኝ።

"ተመልሰሽ አውቶቡሱ ውስጥ ስለገባሽ አይደለም" አለችኝ፤ "ሃያ ሦስቱን ለማን ትተሽ ነው የገባሽው?"

ደብዳቤውን ተቀብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ። ለአዲስ ሹፌሮች የምነግራቸው ይህንን ነው፦ የቀረ ልጅ ፍለጋ ከመመለሳችሁ በፊት፣ ቆመው ከሚያዩት ሰዎች አንዱን ጠርታችሁ የወጡትን አስረክቡት።