ግሪክ ወይስ ህንድ፦ ለአትጠገብ ወረቀት ጎንደር የወረድንበት ሳምንት

ረቡዕ፣ ከዳባት

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የእህቴን ልጅ አትጠገብን ይዤ ከዳባት ወደ ጎንደር ተነሣሁ። የሄድነው ለገበያም ለንግሥም አልነበረም። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ውጭ አገር ሄዳ ሕክምና እንድትማር ሁለት አገሮች ቦታ ሰጥተዋታል፤ አንዱ ግሪክ፣ አንዱ ህንድ። ከሁለቱ አንዱን መርጣ፣ ስሟንና ዕድሜዋን አስመስክራ፣ ወረቀቷን እስከ ዓርብ ማታ ጎንደር ላለው የትምህርት ቢሮ ካላስረከበች ፖስታው በቅዳሜ አውሮፕላን አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ያለዚያ ወረቀት ፓስፖርት የለም፤ ያለ ፓስፖርት ደግሞ ቪዛ የሚባለውን ማንም አይመታላትም።

አባቷ ስለሞተ አብሬያት የምሄደው እኔ ሆንኩ። ከቤተ ዘመዱ ሽማግሌዎችም ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሆኜ ነው። በልጅነቴ አባቴን ተማሪ ቤት ላከኝ ብለው፣ «ለሞፈር ፊደል ምን ይሠራለታል?» ብሎ መለሰኝ። ነፍሱን እግዜር ይማር፤ እኔ ገና አልማርኩትም።

አገሩን የመረጡት ሽማግሌዎች ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠን፣ የእናቷ አጎት አያ ተገኘ «ግሪክ!» ብለው ቆረጡ። «ሃይማኖታችን አንድ፣ ጾማችን አንድ። ህንድማ ላም ያመልካሉ አሉ።» የነፍስ አባታችን መምሬ አለሙም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳት። «ግሪክ ብለህ አስሞላ» ተባልኩ፤ እሺ አልኩ።

አውቶቡሱ ለሁለታችን ሁለት ብር ከስሙኒ ተቀበለን፤ ለዚህም የሰጠን አንድ መቀመጫና አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ነው። አትጠገብ መቀመጫው ላይ፣ እኔ ጆንያው ላይ። ጣራው ላይ የታሰሩት በጎች ከእኔ ይሻሉ ነበር፤ እነሱ ቢያንስ ነፋስ ያገኛሉ። የወገራ ሜዳ ግን ሸጋ ነበር። ገብሱ ወርቅ መስሎ፣ ባቄላው እሸት ይዞ፣ ብርዱም ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናው ውኃ ሊጠጣ ሲቆም እሸት ገዝተን መንገድ ዳር ቁጭ ብለን በላን።

«አጎቴ፣ ህንድ ብዬ ብሞላስ?» አለችኝ።

«አያ ተገኘ ግሪክ ብለዋል።»

«አያ ተገኘ ግሪክን አይተዋታል?»

«አንቺስ ህንድን አይተሻታል?»

«አላየኋትም። ግን እዚያ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱን እችላለሁ። ግሪክ ብሄድ ለቋንቋው ብቻ ዓመት ይሄድብኛል። ደግሞ ወባ እኛን እንደሚገድለን እነሱንም ይገድላቸዋል፤ ሐኪሞቻቸው ያውቁታል። አባቴን የገደለው ምን ነበር?»

ወባ ነበር። ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ፣ በቃሬዛ ተመለሰ። «ዝም በዪና እሸትሽን ብዪ» አልኳት።

ኮሶዬ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ገደሉን ለማየት በመስኮት ተንጋጋ። ከታች ቆላው ሰማያዊ ሆኖ እስከ ዓለም ዳር ተዘርግቷል። «አቤት ውበት!» አለ ከኋላዬ አንዱ ነጋዴ። እኔ አንገቴን አላወጣሁም። ያ ውበት አማቼን በልቶታል።

ሐሙስ፣ ቁስቋምና ቢሮው

ያደርነው ፒያሳ አጠገብ በአንዲት ያገራችን ሴት ቤት ነው። ጠዋት የቀሐን ወንዝ ተሻግረን የቁስቋምን ዳገት ወጣን። አትጠገብ የተወለደችው ጣልያን ከጎንደር በወጣ በዓመቱ፣ ወላጆቿ እዚህ ሠፈር ሳሉ ነው። ክርስትና የተነሣችውም እዚሁ፣ በሰማንያ ቀኗ፣ በአንዲት ትንሽ ደብር። አስተዳዳሪው ቄስ ደግ ሰው ናቸው፤ የጥምቀቱን መዝገብ አውጥተው አቧራውን እፍ ብለው «የልጅቷ ስም ማን ልበል?» አሉኝ።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላላክክም። ቤተ ክርስቲያን ስም ስትጠይቅ የሚመለሰው የክርስትና ስም ነው። ለጸሎትም፣ ለንስሐም፣ ለፍትሐትም የምንጠራው በዚያ ነው። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ፣ እናቷ አደራ ብላ የነገረችኝን የክርስትና ስሟን ነገርኳቸው። እሳቸውም ባማረ እጅ ጻፉት፣ ማኅተም ረገጡበት። ፊደል አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ አንድም ግድፈት የለውም። አትጠገብ ደጅ ነበረች፤ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ገባን። ጸሐፊው ክራባት ያሰረ፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። የትምህርት ቤቱን ምስክር ወረቀትና የቤተ ክርስቲያኑን ጎን ለጎን ዘረጋ።

«አቶ አበጀ፣ ስንት ልጅ ነው ወደ ውጭ የምትልኩት?»

«አንድ።»

«እዚህ ሁለት ሴቶች አሉ። አትጠገብ የምትባል ተማሪና ይህቺኛዋ፣ ክርስትና የተነሣችው። የትኛዋ ትሂድ?»

አትጠገብ ወረቀቱን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ። «አጎቴ! ምነው?»

ማንበብ ስለቻልኩ የበቃሁ መስሎኝ ነበር። ጸሐፊው ግን ክፉ አልነበረም። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን የክርስትና እናቷ ቀርባ ከመሰከረች፣ «በምስክር ተረጋግጧል» ብዬ እጽፋለሁ አለ። «ግን ነገ ዓርብ ነው» አለ። ዓርብ መሆኑን እሱ ብቻ የሚያውቅ ይመስል።

ዓርብ፣ እማሆይን ይዘን

የክርስትና እናቷ ዛሬ መነኩሲት ናቸው፤ ቁስቋም፣ ከእቴጌይቱ የፈረሰ ግንብ ግርጌ በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ጎሕ ሲቀድ ደረስንባቸው። ነገሩን ስነግራቸው መቋሚያቸውን አነሡብኝ።

«የክርስትና ስሟን ለቢሮ ሰጠኸው? አንተ ጉድ! መተተኛ ሰምቶ ቢያስርባትስ? ይህ ስም እኮ ከእኔ፣ ከእናቷና ከቄሱ አይወጣም!»

«እማሆይ፣ ካልመሰከሩላት ግን ዛሬ ማታ ያልቅላታል።»

«ይለቅላት! ነፍሷ ትበልጣለች።»

አትጠገብ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። አላለቀሰችም፤ ልቅሶ አታውቅም። «እማሆይ፣ ያኔ በእቅፍዎ ይዘውኝ ስለ እኔ ሰይጣንን ክደዋል። አሁን አንድ ጸሐፊ ይፈራሉ?» አለች። እማሆይ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት፣ አዩዋትና ነጠላቸውን አጣፉ። «ይህች አፏ የእናቷ ነው» አሉ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ እኔ ነኝ ያለከለክሁ። ቢሮው ገብተው ጸሐፊው ፊት ቆሙ።

«እማሆይ፣ የልጅቷን የክርስትና ስም ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያ የራስህን ንገረኝ።»

«የእኔን?»

«አንተ የእሷን ታውቃለህ፣ እኛ ያንተን አናውቅም። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

ቢሮው ውስጥ ያለው ባለጉዳይ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ጸሐፊው ወደ በሩ አየ፣ ወደ አለቃው ወንበር አየ፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከዚያ ብድግ ብሎ ክራባቱን በእጁ ይዞ ጎንበስ አለና በእማሆይ ጆሮ ሹክ አላቸው። እሳቸውም «ይባርክህ፣ ሸጋ ስም ነው» ብለው በእሱ ጆሮ ሹክ አሉት። ጸሐፊው «በምስክር ተረጋግጧል» ብሎ አዲስ ወረቀት ጻፈ፤ ማኅተሙ ተረገጠ። አዲሱ ወረቀት «አትጠገብ» ብቻ ይላል። የእኔን ጉድ የያዘውን ወረቀት እማሆይ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ከቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱት። ያንን ስም እዚህም አልጻፍኩትም።

የቀረው በቅጹ ላይ አገር መሙላት ነበር። ጸሐፊው ለምሳ ሲወጣ እኛ ፒያሳ አንድ የግሪክ ሰው ሱቅ ፖስታ ልንገዛ ገባን። ባለ ሱቁ ባንኮኒው ላይ ድስት ሙሉ የተጠበሰ እንቁላል ይበላል።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉት እማሆይ።

«ዓርብ፣ እማሆይ።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነው። ትኩስ ነው፣ ዛሬ የመጣ።»

«አገርህ ኦርቶዶክስ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ! እናቴ ትጾማለች» አለ ሰውየው በኩራት። «ለእኔም ጭምር ትጾማለች።»

እማሆይ አማትበው ገና ሳይጨርሱ አትጠገብን ሒሳብ ያስተማራት ህንዳዊ መምህር ምስር ሊገዛ ገባ። እማሆይ ለቀም አደረጉት። ሥጋ ትበላለህ? አልበላም። እንቁላልስ? አልበላም፣ ከተወለድኩ ቀምሼ አላውቅም። ወተትስ? እሱንስ እጠጣለሁ። እማሆይ ትንሽ አሰቡና፣ «ለወተቱ ንስሐ ይበቃዋል» አሉ። «ሳይጠመቅ እንዲህ ከሆነ፣ ቢጠመቅ መናኝ ይሆን ነበር!» ግሪኩ ከሁላችን በላይ ሳቀ፤ አስኳሉ ጢሙ ላይ ነው።

በአንድ ሰው ምሳ አገር እንደማይፈረድ አውቃለሁ። አያ ተገኘ ግን የፈረዱት የማንንም ምሳ ሳያዩ ነው። ለእኔ እንቁላሉ ሰበብ ሆነኝ እንጂ ልቤን ያዞረው አምባ ጊዮርጊስ ላይ የነገረችኝ ነው። ቅጹን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ብዕሩን ሰጠኋት።

«ጻፊው።»

«ምን ብዬ?»

«እኔን አትጠይቂኝ፤ ሕክምና የምማረው እኔ አይደለሁም።»

«ህንድ» ብላ ጻፈች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረቀቱን አስረከብን።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲህ

ቅዳሜ አትጠገብን፣ ፓስፖርት ልታወጣ አዲስ አበባ እስክትሄድ፣ ጎንደር ትቼ ብቻዬን ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ መቀመጫ አገኘሁ። እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ አያ ተገኘ «ግሪክ አላችሁ?» አሉ። «ህንድ አልን» አልኩ። ዓርብ ያየሁትን ስነግራቸው መምሬ አለሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አያ ተገኘ አልሳቁም። «ቃሌ ተሻረ» ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሱኝ። ልክ ናቸው፤ ቃላቸውን የሻርኩት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ አይቆጨኝም። ጎንደር ወርጄ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ማንበብ መቻል ጥፋት እንደማያስቀርና፣ አገር ሲመረጥ ብዕሩ መያዝ ያለበት በሚሄደው እጅ መሆኑን ነው። ሰው ያልመረጠውን መንገድ ሲሄድ እንቅፋት በመታው ቁጥር የሚረግመው ሰው አያጣም። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ስረግም ኖሬ አውቀዋለሁ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ ቪዛው ተመቷል፣ በስምንት ቀን ትሄዳለች። ይዤው ወደ አያ ተገኘ አውድማ ሄድኩ። ገብስ ያበራያሉ። ቆሜ አነበብኩላቸው።

«ቪዛ ምንድን ነው?» አሉ በሬዎቹን ሳያቆሙ።

«ህንዶቹ በማኅተም ግቢ አሏት ማለት ነው፣ አያ።»

አንድ ዙር ዞሩ። ሁለተኛም ዞሩ። ከዚያ በሬዎቹን አቆሙና ጅራፋቸውን ጣል አደረጉ።

«እነሱ ግቢ ካሉ፣ ከዚህስ ሂጂ ያላት ማን ነው?»

«እኔ ብያታለሁ። እርስዎ አላሉም።»

«ወረቀት ይዘሃል?»

ይዤ ነበር። ገለባው ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ ላይ «አያ ተገኘ ሂጂ፣ በሰላም ግቢ ብለውሻል» ብዬ ለአትጠገብ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ፤ አነበብኩላቸውም።

«ስሜን ከስምህ በላይ አድርገው» አሉ።

አደረግኩት።